መጋዘን ስንቀይር የዕቃው አመጣጥ ጠፋ፦ ወደ መጀመሪያው የገቢ ደረሰኝ እንዴት እንመለስ?

የቀረበው ጥያቄ፦

«የሕክምና መገልገያዎችን ከውጭ አስመጥቶ በጅምላ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። መጋዘናችን ፒያሳ ነበር፤ መጋቢት 2016 ዓ.ም. አካባቢው ለልማት ሲነሣ ተክለ ሃይማኖት ወደሚገኝ መጋዘን ተዛወርን። የንብረት መዝገባችንን የምንይዘው ኦዱ በተባለው ሶፍትዌር ነው። የሰኔ 30 ቀን 2017 ሂሳባችን ሲመረመር ኦዲተሩ በእጃችን ያለው 340 ካርቶን የምርመራ ጓንት በየትኛው የገቢ ደረሰኝ እንደገባ እንድናሳይ ጠየቀ። ወደ ኋላ እየሄድኩ ስፈልግ መጋቢት 2016 ላይ ‹የቆጠራ ማስተካከያ› የሚል መስመር ጋ ደርሶ ይቆማል። ፒያሳ እያለን ጥቅምት 2016 ላይ 300፣ የካቲት 2016 ላይ 250 ካርቶን ገብቷል፤ ተክለ ሃይማኖት ከመጣን በኋላ ደግሞ ኅዳር 2017 ላይ 200 ገብቷል። ስንዛወር ከፒያሳ 390 ተቀንሶ እዚህ 386 ተጨምሯል። ለመድኃኒትና ለሪኤጀንት (ለላቦራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል) የባች ቁጥር፣ ማለትም አምራቹ በአንድ ዙር ላመረተው ዕቃ የሚሰጠውን መለያ፣ እንመዘግባለን፤ ለጓንት ግን አንመዘግብም። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

ቁጥሮቹን ጽፈው ማቅረብዎ ሥራውን አቅልሎታል። ከ340ው ካርቶን አመጣጡ የጠፋብዎ 140 ብቻ ነው፤ ቀሪው 200 የኅዳሩ ገቢ ነው። 140ውም በሂሳብ አቆጣጠር የየካቲት 2016 ገቢ ላይ ያርፋል። ስሌቱን ከታች አሳይዎታለሁ። ነገር ግን ይህ የሂሳቡ መልስ ነው። ዛሬ መጋዘንዎ ውስጥ ተደርድሮ ያለው ካርቶን በእርግጥ የካቲት የመጣው ይሁን ጥቅምት ሶፍትዌሩ አያውቅም፤ የነገረው ሰው የለምና። ለኦዲተሩ ሁለቱን መልሶች ለያይተው ካቀረቡ ጉዳዩ ይዘጋል። ከቀላቀሏቸው ግን አንዱ ጥያቄ ሌላውን እየወለደ ይቀጥላል።

መጀመሪያ ለምን እንደቆመ እንይ። የንብረት ሶፍትዌር እያንዳንዱን ካርቶን ከገባበት ቀን ጀምሮ እየተከተለ የሚሄድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ያለው ግን እንቅስቃሴና የእንቅስቃሴዎች ድምር ነው። «ጓንት፣ ተክለ ሃይማኖት፣ 340» የሚለው መስመር ድምር ነው። ኦዱ ውስጥ ዕቃው፣ ቦታው፣ የባች ቁጥሩ፣ ጥቅሉና ባለቤቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ በተለያየ ቀን የገቡ ጭነቶች በአንድ መስመር ይዋሐዳሉ። ጓንትዎ የባች ቁጥር ስለሌለው የካቲት ላይ የገባው 250 ካርቶን ከጥቅምቱ ቀሪ ጋር በዚያው ቀን ተደባልቋል። መዛወሩ ባይኖርም ኖሮ ከድምሩ ተነሥተው በአንድ ጠቅታ ወደ ገቢ ደረሰኙ ሊደርሱ አይችሉም ነበር። መዛወሩ ነገሩን አባባሰው እንጂ አልፈጠረውም።

ምናልባት በይነመረብ ላይ ከክምችቱ መስመር በቀጥታ ወደ ታሪኩ የሚወስድ ቁልፍ የሚያሳይ መመሪያ አይተው ከሆነ አይደናገሩ። መመሪያው ውሸት አይደለም፤ ጊዜ አልፎበታል። እስከ ኦዱ 10ኛ እትም ድረስ እያንዳንዱ የክምችት መስመር ያለፈባቸውን እንቅስቃሴዎች ሁሉ ይዞ ይዞር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው 11ኛው እትም የክምችቱን አያያዝ እንደ አዲስ ሲሠራ ይህንን ግንኙነት አስቀረው። ከዚያ ወዲህ ወደ ኋላ የሚወስደው አስተማማኝ ክር የባች ወይም የመለያ ቁጥር ነው። ሁለት ዝውውሮች እርስ በርስ ተያይዘው የሚገኙት ሲስተሙ ራሱ በተከታታይ ደረጃ ሲፈጥራቸው ነው። ለምሳሌ ዕቃው መጀመሪያ መረከቢያ ቦታ፣ ቀጥሎ ምርመራ፣ ከዚያ መደርደሪያ እንዲሄድ ተደርጎ የተዋቀረ እንደሆነ ሦስቱ ይያያዛሉ። የመጋዘን ሠራተኛው በእጁ የከፈተው ዝውውር ግን ከኋላው ካለው ገቢ ጋር የሚያስተሳስረው ነገር የለም።

የቆጠራ ማስተካከያ ደግሞ ከዝውውርም ይብሳል። ዝውውር ቢያንስ «ከፒያሳ ወደ ተክለ ሃይማኖት» ይላል። ማስተካከያ ሲሠራ ሲስተሙ 390ውን «የክምችት ልዩነት» ወደሚባል በአካል ወደሌለ ቦታ አወጣው፤ ከዚያው በአካል ከሌለው ቦታ 386 አመጣ። ለሲስተሙ እነዚህ ሁለት የማይተዋወቁ ድርጊቶች ናቸው፦ አንድ ቦታ ዕቃ ጎደለ፣ ሌላ ቦታ ዕቃ ተገኘ። የተገኘው ዕቃ የጎደለው ራሱ መሆኑን የሚያውቁት እርስዎና የዚያን ሰሞን ካርቶን ሲሸከሙ የነበሩት ሰዎች ናችሁ። ያ ወቅት ጥድፊያ ነበር፤ በየሱቁ ዕቃ እየተጫነ ባለበት ሰዓት ሥርዓት ያለው ዝውውር አልተከፈተም ብሎ ሰው መውቀስ አይቻልም። እኔ ካየኋቸው የፒያሳ ነጋዴዎች በዚህ መንገድ ያላለፈ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ። የሚጀምሩት የዕቃውን የእንቅስቃሴ ታሪክ ከፍተው በሁለት ማጣሪያ በማጣራት ነው፦ የተጠናቀቁ እንቅስቃሴዎች፣ እና መነሻቸው የአቅራቢ ቦታ የሆነ። ይህ እውነተኛ ገቢዎችን ብቻ ያወጣልዎታል። ዝውውር፣ ከደንበኛ የተመለሰ ዕቃና የቆጠራ ትርፍ በዚህ ዝርዝር ውስጥ መግባት የለባቸውም። በእርስዎ ጉዳይ ሦስት መስመር ይወጣል፦ 300፣ 250፣ 200፤ ድምሩ 750። በእጅ ያለው 340 ስለሆነ 410 ወጥቷል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 4ቱ ሲዛወሩ የጎደሉት ናቸው፤ የተሸጠው 406 ይሆናል። ሽያጩን ከመዛወሩ በፊትና በኋላ ብለው ይክፈሉት። ፒያሳ ገብቶ የነበረው 550 ሆኖ ሲወጣ 390 ስለነበረ፣ እዚያ እያላችሁ የተሸጠው 160 ነው። እዚህ ከመጣችሁ በኋላ 386 ላይ 200 ተጨምሮ 586 ሆኗል፤ ቀሪው 340 ስለሆነ 246 ተሸጧል። 160 እና 246 ሲደመር 406 ይመጣል። ይህ ከሽያጭ ደረሰኞቻችሁ ድምር ጋር የማይገጥም ከሆነ ወደሚቀጥለው አይለፉ፤ ያልተመዘገበ ወጪ ወይም ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ገቢ አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይውጣ በሚለው ሥርዓት፣ ሁላችንም ፊፎ በምንለው፣ ያስኬዱት። ፒያሳ የተሸጠው 160 ከጥቅምቱ 300 ላይ ይነሣል፤ ስትዛወሩ የነበረው 390 እንግዲህ 140 ከጥቅምቱ፣ 250 ከየካቲቱ ነው። የጎደሉት 4 ካርቶኖች ከቆየው ይቀነሱና የጥቅምቱ 136 ይሆናል። ተክለ ሃይማኖት ከመጣችሁ በኋላ የተሸጠው 246 መጀመሪያ ይህንን 136 ይጨርሳል፤ ቀሪው 110 ከየካቲቱ 250 ላይ ይነሣል። የካቲት 140 ይቀረዋል፣ ኅዳር 200 እንዳለ ነው። 340።

በኦዱ የክምችት ዋጋ ዝርዝር ውስጥም ይህንኑ ግማሽ መንገድ ያገኙታል። የዋጋ አያያዛችሁ ፊፎ ከሆነ፣ ከ13ኛው እትም ጀምሮ ባሉ በርካታ እትሞች እያንዳንዱ ገቢ የራሱ የዋጋ መስመር አለው፤ በመስመሩ ላይ ምን ያህል እንደቀረ ይጻፋል። ሲከፍቱት «ኅዳር ገቢ፣ ቀሪ 200» እና «መጋቢት ማስተካከያ፣ ቀሪ 140» የሚሉ ሁለት መስመሮች መውጣት አለባቸው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከወጡ የእጅ ስሌትዎ ትክክል ነው፤ የሚቀርዎ የማስተካከያውን 140 ከየካቲቱ ደረሰኝ ጋር የሚያገናኝ አንድ ገጽ የማገናኛ ሠንጠረዥ ነው። በአንድ በኩል የመጋቢቱ መቀነሻና መጨመሪያ ከነሰነድ ቁጥራቸው፣ በሌላ በኩል የጥቅምትና የየካቲት ገቢ ደረሰኞች፣ መሐል ላይ ከላይ ያለው ስሌት። የመዛወሪያው ቀን የቆጠራ ቃለ ጉባኤ ካለ አባሪ ያድርጉት፤ የ4ቱን ካርቶን ጉድለት የሚያስረዳው እሱ ነው።

ስሌቱን በሁለት መንገድ የሚያበላሹ ሰዎች አጋጥመውኛል። አንደኛው በየመጋዘኑ ለየብቻ ያሰላሉ። ለምሳሌ ሱቅ ውስጥ ያለውን 40 ካርቶን ወስደው ወደ ሱቁ ከተደረጉት ዝውውሮች የመጨረሻውን ይፈልጉና «ይኸው ገቢው» ይላሉ። ዝውውር ገቢ አይደለም። ስሌቱ የሚሠራው በድርጅት ደረጃ ነው። ሁለተኛው ኦዱ በክምችቱ ላይ የሚያሳየውን «የገባበት ቀን» እንደ ማስረጃ መያዝ ነው። ያ ቀን የግድ ዕቃው ከአቅራቢው የገባበት አይደለም፤ ድብልቅ ሲሆን ሲስተሙ ካሉት ቀኖች የቆየውን ብቻ ይይዛል። ስለዚህ የእርስዎ 340 ካርቶን በሙሉ «መጋቢት 2016» የሚል ቀን ቢያሳይ አይገረሙ፤ የኅዳሩ 200 ከነበረው ጋር ሲቀላቀል የራሱ ቀን ተውጧል።

ኦዲተሩ ለምን በጓንት ካርቶን ላይ እንዲህ እንደሚጨነቅ መረዳት ይጠቅምዎታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የጥቅምትና የየካቲት ጭነቶችዎ ከዚያ ቀን በፊት፣ የኅዳሩ ከዚያ በኋላ የገቡ ናቸው። አንድ ዓይነት ጓንት፣ አንድ ዓይነት ካርቶን፣ የብር ዋጋው ግን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። እሱ የሚፈልገው በ140ውና በ200ው መካከል ያለው ድንበር ትክክል መሆኑን ነው። 140ው የጥቅምት ነው ወይስ የየካቲት የሚለው በገንዘብ ደረጃ ያን ያህል ላያሳስበው ይችላል። አንድ ካርቶን ከድንበሩ ወዲህ ወይም ወዲያ መሆኑ ግን ያሳስበዋል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የዕቃው ምድብ ላይ የተመረጠው የዋጋ አያያዝ ፊፎ ይሁን አማካይ ዋጋ ያረጋግጡ። አማካይ ከሆነ ለ340ውም አንድ ዋጋ ስለሚሠራ ይህ ድንበር በዋጋው ላይ ለውጥ አያመጣም፤ ኦዲተሩ የሚያየው አማካዩ በየገቢው በትክክል መታደሱን ነው። የዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ፣ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት እኛም የገባንበት፣ እርስ በርስ ለሚተካኩ ዕቃዎች ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይውጣ የሚለውን ግን አይፈቅድም።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የማያየው ነገር አለ። መጋቢት ላይ 390 ሲቀነስ ሲስተሙ የጥቅምቱንና የየካቲቱን የዋጋ መስመሮች ከነዋጋቸው ዘግቷቸዋል። 386 ሲጨመር ደግሞ አዲስ መስመር የከፈተው በዚያ ሰዓት በዕቃው መዝገብ ላይ በተጻፈው አንድ ዋጋ ነው። ሁለቱ ዋጋዎች እኩል ካልነበሩ በክምችት ልዩነት ሂሳብ ላይ የተመዘገበው የ4 ካርቶን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የዋጋ ለውጡም አብሮ ገብቷል። የመጋቢት 2016ን የሂሳብ መዝገብ ከፍተው ልዩነቱን በ4 ያካፍሉት። የማይመስል የካርቶን ዋጋ ከወጣ ነገሩ ይህ ነው። የ2016 ሂሳብ የተዘጋ ስለሆነ እርማቱን ራስዎ አይጻፉ፤ መጠኑን አስልተው ለኦዲተሩ ያሳዩና አብራችሁ ወስኑ።

አደራ፣ የመጋቢቱን ማስተካከያ ሰርዤ በዝውውር ልተካው እንዳይሉ። ለሶፍትዌሩ ድጋፍ ከሚሰጡ ሰዎች አንዱ «ከዳታቤዙ ላይ እናጥፋው» ብሎ ሊያባብልዎ ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተሸጠው 246 ካርቶን ዋጋውን ያገኘው ከዚያ መስመር ነው።

ወደ ካርቶኑ እንሂድ፤ ለእኔ ዋናው ማስረጃ እሱ ነው። ሶፍትዌራችሁ የባች ቁጥር ባይመዘግብም አምራቹ መዝግቦታል። የጓንት ካርቶን ጎን ላይ በትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ በላቲን ፊደል ሎት (ባች ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ አለ፤ አጠገቡ ቁጥሩ። የፋብሪካ ቅርጽ ያለው ምልክት የተመረተበትን ቀን፣ የአሸዋ ሰዓት የሚመስለው ደግሞ የአገልግሎት ማብቂያውን ያሳያል። 340 ካርቶን ብዙ አይደለም። ሁለት ሰው ይመድቡ፤ አንዱ ያንብብ፣ አንዱ ይጻፍ፤ በሎት ቁጥር እየለዩ ይቁጠሩ። ከዚያ የሦስቱን ጭነቶች የማስመጫ ፋይል አውጥተው ከፓኪንግ ሊስቱ (ከጭነቱ ዝርዝር) እና ከአምራቹ የጥራት ምስክር ወረቀት ጋር ያመሳክሩ። ሎቱ በየትኛው ጭነት እንደመጣ በአብዛኛው እዚያ ተጽፎ ይገኛል፤ ከፓኪንግ ሊስቱ ወደ ዲክላራሲዮኑ (ወደ ጉምሩክ ሰነዱ)፣ ከዲክላራሲዮኑ ወደ ገቢ ደረሰኛችሁ መሄድ ከዚያ ወዲያ ቀላል ነው። ፓኪንግ ሊስቱ ሎት የማይጠቅስ ከሆነ የተመረተበት ቀን ይረዳዎታል፦ ጭነቱ ከተጫነበት ቀን በኋላ የተመረተ ካርቶን በዚያ ጭነት ሊመጣ አይችልም።

ቆጠራው ከስሌቱ ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ በዚህ ይዘጋጁ። በወረቀት ፊፎ የሚሠራ መጋዘን በተግባር ተቃራኒውን ሲሠራ ማየት የተለመደ ነው። ጠባብ መጋዘን ውስጥ አዲሱ ጭነት በር ላይ ይደረደራል፣ ሠራተኛው ደግሞ የሚያነሣው እጁ የደረሰበትን ነው፤ የጥቅምቱ ከግድግዳው ሥር ሳይነካ ይከርማል። መዛወሩ ግን ይህንን ገልብጦት ሊሆን ይችላል። ፒያሳ በር ላይ የነበረው አዲሱ ዕቃ በመጀመሪያው የአይሱዙ ምልልስ መጥቶ እዚህ ከጥልቁ ገብቷል፤ ከግድግዳ ሥር የነበረው አሮጌው በመጨረሻው ምልልስ መጥቶ በር ላይ ተቀምጧል። ማንም ሳያስበው የቆየው ቀድሞ ተሸጦ ይሆናል። በግምት የሚታወቅ ነገር አይደለም፤ ገብቶ ማንበብ ነው።

ሁለቱ ባይገጥሙስ? የዋጋ አያያዛችሁ ፊፎ ከሆነ ዋጋው በስሌቱ ይሄዳል፤ ፊፎ ለሚተካኩ ዕቃዎች የተወሰደ የወጪ ቅደም ተከተል ነው፣ እያንዳንዱ ካርቶን በአካል በዚያ ቅደም ተከተል ወጥቷል ብሎ የመሰከረ የለም። ነገር ግን በቆጠራው ከግድግዳ ሥር የጥቅምት ካርቶኖች ተገኝተው የአገልግሎት ጊዜያቸው የተቃረበ ከሆነ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ በተገዙበት ዋጋ ሊሸጡ ይችላሉ ወይ? ካልቻሉ ዋጋቸው ሊሸጡ ወደሚችሉበት መጠን ዝቅ ማለት አለበት። የቆጠራ ወረቀቱን ቆጣሪዎቹ ይፈርሙበትና ከማገናኛ ሠንጠረዡ ጋር ሁለተኛ ሰነድ ሆኖ ይቅረብ። አንደኛው የዋጋ፣ ሁለተኛው የአካል።

የቀን አቆጣጠሩም ወጥመድ አለው። የመጋዘኑ ስቶክ ካርድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል፣ ሲስተሙ በአውሮፓውያን። የየካቲቱ ገቢ ካርዱ ላይ 05/06/2016 ተብሎ ሊሆን ይችላል፤ በአውሮፓውያን ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2024 ነው። ይህ ቁጥር እንዳለ በኤክሴል ወደ ሲስተሙ ቢጫን ሲስተሙ ጁን 5 ቀን 2016 አድርጎ በደስታ ይቀበለዋል። ከሰባት ዓመት በላይ የቆየ ዕቃ ስለሚመስለው በመውጫ ሰልፉ ላይ ከሁሉ ፊት ያሰልፈዋል። ከዚህ የሚተርፈው በአብዛኛው ጳጉሜን ላይ የገባ ዕቃ ነው፤ 13ኛ ወር ሲያይ ሲስተሙ ይጮሃል። በማገናኛ ሠንጠረዡ ላይ ሁለቱንም ቀኖች ጎን ለጎን ይጻፉ፤ አንዱን ብቻ ከጻፉ አንባቢው የትኛው እንደሆነ መገመት ይጀምራል።

ፒችትሪ ከተባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ወደ ሌላ የተሸጋገራችሁ ሰዎችም ይህንን ችግር ታውቁታላችሁ። የመክፈቻ ሚዛን ተብሎ በአንድ ቀን በጅምላ የገባ ክምችት ከመጋቢቱ ማስተካከያ አይለይም፤ ከዚያ በስተጀርባ ያለው በአሮጌው ሲስተምና በወረቀቱ ላይ ነው። ኢአርፒኔክስት የተባለውን ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ደግሞ ፊፎው በየመጋዘኑ የሚይዘው ሰልፍ ብዛትና ዋጋ ብቻ እንደሆነ እወቁ፤ የገቢ ደረሰኝ ቁጥር በሰልፉ ውስጥ የለም። ዋጋው ልዩ ከሆነ በዋጋው ደረሰኙን መለየት ይቻላል፤ ሁለት ጭነት በአንድ ዋጋ ከገቡ አይቻልም።

መድኃኒቶችዎና ሪኤጀንቶችዎ ላይ መንገዱ አጭር ነው። የባቹን ቁጥር ከፍተው የእንቅስቃሴ ዝርዝሩን ከአቅራቢ ቦታ በተነሣው ያጣሩ። ባቹ ራሱን የቻለ መዝገብ ስለሆነ የመጋቢቱን ማስተካከያ ተሻግሮ የመጀመሪያውን ገቢ ያሳይዎታል። ሲዛወር ግን በጥድፊያ ባቹን እንደ አዲስ የጻፈ ሰው ካለ ሁለት ባች ሆኖ ይገኛል፦ በአንዱ ዜሮ የነበረው በሌላው የላቲን ኦ ፊደል ሆኗል፣ ወይም መሐል ላይ ክፍት ቦታ ገብቷል። ከማስተካከያ ብቻ የተወለዱ፣ ምንም የአቅራቢ ገቢ የሌላቸውን ባቾች ዘርዝረው ያውጡ፤ ተጠርጣሪዎቹ እነሱ ናቸው። ይህንን ለኦዲት ብቻ ብለው አይሥሩት። አምራቹ ወይም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አንድን ባች ከገበያ እንዲሰበሰብ ቢያዝ፣ ግማሹ በተሳሳተ ፊደል ተደብቆ የተቀመጠ ባች በፍለጋ አይወጣም።

ለወደፊቱ ጓንቱም ባች ይኑረው። ኦዱ ላይ ክትትሉን ሲያበሩ በእጅ ያለው 340 ያለ ባች እንደተቀመጠ ያስጠነቅቅዎታል፤ ባቹን የሚሰጡት በቆጠራ ማስተካከያ ነው። ከላይ ያልኩት የሎት ቆጠራ ለዚህም ስለሚያገለግል ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይሥሩት፤ ማስተካከያው ላይም የማገናኛ ሠንጠረዡን ቁጥር ይጥቀሱ። መጋዘን ዳግመኛ ከቀየራችሁ ደግሞ በሁለቱ መካከል የመሸጋገሪያ ቦታ ክፈቱና በዝውውር አሳልፉት፤ ሲደርስ የጎደለው ካርቶን እዚያ ተንጠልጥሎ ይታያል።

አንድ የሚቀር ነገር አለ። አንድ የአምራች ሎት በሁለት ጭነት ተከፍሎ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ባቹ አንድ፣ ገቢው ሁለት ይሆንና ውሉ እንደገና ይጠፋል። ኮድ ማንበቢያ መሣሪያ ለማይጠቀም መጋዘን የምመክረው የአምራቹን ሎት አስቀድሞ ከኋላው የገቢ ደረሰኙን ቁጥር መቀጠል ነው። ሎቱ ከፊት ስለሆነ ሲፈለግ ይገኛል፣ ገቢውም ይለያል። ጓንቱ ላይ ይህንን ያድርጉ። ሪኤጀንቶቹን የጂኤስ1 (የዓለም አቀፉ የባርኮድ ደረጃ) ኮድ እያነበባችሁ የምትረከቡ ከሆነ ግን እዚያ ቅጥያ አይጨምሩ። በኮዱ ውስጥ 10 በሚለው መለያ ሥር የሚመጣው የአምራቹ ሎት ብቻ ስለሆነ መሣሪያው ባነበበ ቁጥር ቅጥያ ያለውን ባች አያገኘውም፤ አዲስ ባች ይከፍታል። ለእነሱ እያንዳንዱን ጭነት በራሱ የጥቅል ቁጥር መረከብ ይሻላል። ባቹ አንድ ቢሆንም ጥቅሉ ስለሚለያይ ክምችቱ አይዋሐድም፤ ጥቅሉ እስኪፈታ ድረስም የገቢ ደረሰኙን ይዞ ይቆያል።